ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን

[ቦንጋ፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት። በሩ ላይ «አስናቀ ኢንተርኔት፣ ላሚኔሽንና ማንኛውም ጉዳይ» የሚል ተጽፏል። ባለቤቱ አስናቀ ኮምፒውተሩ ፊት ተኮፍሶ ተቀምጧል። በጠዋቱ ሚኒባስ ከዋጫ የመጡት ማር አምራቹ ጋሽ ሣህሌ፣ የማር ጀሪካናቸውን በእግራቸው መሃል አቁመው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ሣህሌ፦ ሽምግልና ብለህ ጻፍ አልኩህ!

አስናቀ፦ የለም እኮ ጋሽ ሣህሌ!

ሣህሌ፦ ምኑ ነው የሌለው? ሽምግልና ከአገር ጠፋ?

አስናቀ፦ ከአገር አልጠፋም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ነው የሌለው። «የጉዞ ዓላማ» ይልና ምርጫ ይሰጣል። ይኸው፣ ጉብኝት፣ ንግድ፣ ስብሰባ፣ ጋዜጠኝነት...

ሣህሌ፦ ከጋዜጠኛው በታች ምን አለ?

አስናቀ፦ ምንም።

ሣህሌ፦ በደንብ ውረድ እስቲ። እታች ተደብቆ ይሆናል።

አስናቀ፦ ወርጄ ወርጄ አለቀ! ጉብኝት ልበለውና እንለፍ። የሚመጣ ሰው ሁሉ ጉብኝት ነው የሚለው።

ሣህሌ፦ ሚስተር ሄንድሪክ ሊጎበኝ አይደለም የሚመጣው። ደጄ ቆሞ «ልጅህን ዮሀናን ለልጄ ለፒተር ስጠኝ» ሊለኝ ነው። አንተ ጉብኝት ብለህ ጽፈህበት፣ ዛፍና ወፍ ሲያይ ውሎ ወደ ሆላንድ ቢመለስስ?

አስናቀ፦ አይመለስም። ልጁ እዚህ አይደል?

ሣህሌ፦ ልጁማ እዚህ ነው።

አስናቀ፦ ልጁ ፒተር እዚሁ ቦንጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ንብ ሲያጠና ኖሯል። አማርኛ ይናገራል፣ ክትፎ ይበላል፣ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ይከራከራል። «ሽማግሌ ከዚሁ ከቦንጋ ልላክ» ቢልዎት እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ሣህሌ፦ አሁንም እምቢ ነው! አባቱ በሕይወት ቆሞ የሰው አባት ተውሶ ይመጣል እንዴ? እኔ የምፈልገው አባቱን ነው። አባቱም እሺ አለ። አርብ ጥር 22 አዲስ አበባ ይገባል፣ እሁድ ጥር 24 ደጄ ይቆማል፣ በሳምንቱ ሠርግ። ያ እሁድ ካለፈኝ ሁዳዴ ገባ። ፋሲካ እስኪደርስ ደግሞ የፒተር ሥራ አልቆ አገሩ ገብቷል። ልጄ ቆማ ቀረች ማለት ነው።

አስናቀ፦ ታዲያ ጥር 14 እስኪደርስ ለምን ቆዩ?

ሣህሌ፦ ዮሀናማ «ሰውየው ራሱ ከቤቱ ይሞላዋል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ «እንግዳ የጠራ ሰው በሩን ራሱ ይከፍታል» ያልኳት። እሷ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄደች፤ እኔ ዋጫ ውስጥ በር ስፈልግ ሰነበትኩ። በመጨረሻ «ቦንጋ አስናቀ አለልህ» አሉኝ።

አስናቀ፦ [ወንበሩን እያሽከረከረ] ትክክለኛው ቦታ ነው የመጡት። ማዶ ያለው ልዑልቃል ጋ ሄደው ቢሆን ኖሮ ጉድ ሆነው ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ገዛሁ ብሎ ያላግጣል እንጂ ምንም አያውቅም። እኔ ግን ኢ-ቪዛ የምበላው የምጠጣው ነገር ነው።

ሣህሌ፦ ሄደህ ታውቃለህ?

አስናቀ፦ ወዴት?

ሣህሌ፦ ውጭ አገር ነዋ።

አስናቀ፦ እ... አመልክቻለሁ። ወንድሜ ወዳለበት አገር ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስቱንም ጊዜ መልሰውልኛል።

ሣህሌ፦ ምን ብለው?

አስናቀ፦ መለሱልኝ ነው የምልዎት! ይሄ ትንሽ ነገር ነው? ስንቱ አመልክቶ መልስ አያገኝም። በኢትዮጵያ የሚያርፍበት አድራሻ?

ሣህሌ፦ የእኔ ቤት።

አስናቀ፦ የእርስዎ ቤት ብዬ አልጽፍም፤ አድራሻ።

ሣህሌ፦ ዋጫ። ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ታጥፎ፣ ቆርቆሮ በሩ ሰማያዊ የተቀባው። አረንጓዴ የተቀባው የዙሌካ ሱቅ ነው፤ እዚያ እንዳይገባ፤ ከገባ ወሬ ሳትጠግብ አትለቀውም።

አስናቀ፦ ሃምሳ ፊደል ብቻ ነው የሚቀበለው።

ሣህሌ፦ እንግዲያው ወፍጮ ቤቱን ተወው። «ውሻው ይታሰራል» የሚለውን ግን ጨምርልኝ፤ ሰውየው እንዳይሰጋ።

አስናቀ፦ «ዋጫ» ብያለሁ፤ በቃ። ሌላው እዚያ ሲደርስ በአፍ ይነገረዋል።

ሣህሌ፦ እሺ። ሲያልቅ ይሄ ቪዛ በምንድን ነው የሚመጣው? በጠዋቱ ሚኒባስ ነው በከሰዓቱ?

አስናቀ፦ በኢሜይል።

ሣህሌ፦ ማኅተሙስ?

አስናቀ፦ ማኅተም የሚመታው ሰውየው ቦሌ ሲደርስ ነው።

ሣህሌ፦ እስከዚያ ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ ሊመጣ? ለዚህች ማር ማሳለፊያ እንኳ ሦስት ማኅተም ነው የመቱልኝ!

አስናቀ፦ ካሰጋዎት እኔ ላሚኔት አደርግለታለሁ።

ሣህሌ፦ ሰውየው ያለው ሆላንድ፣ ላሚኔሽኑ ያለው ቦንጋ?

አስናቀ፦ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ ጋሽ ሣህሌ። ለዚህ አይጨነቁ። አሁን ዋናው ቦታ ደርሰናል፤ የትውልድ ቀን። ልጅዎ በቴሌግራም የላከችልዎት የፓስፖርቱ ፎቶ ይኸውና። ኤፕሪል 8፣ 1958 ይላል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አላዋቂው የሚሳሳተው።

ሣህሌ፦ እንዴት?

አስናቀ፦ ልዑልቃል ቢሆን እንዳለ ነበር የሚገለብጠው። [ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ላሚኔት የተደረገ ሠንጠረዥ በጣቱ እየመታ] ይሄን ያያሉ? እኔ ራሴ ያዘጋጀሁት ነው። በዚህ በኩል የፈረንጅ ቀን፣ በዚያ በኩል የእኛ ቀን። ለመሆኑ ቪዛው የማን አገር ቪዛ ነው?

ሣህሌ፦ የእኛ አገር።

አስናቀ፦ የእኛ አገር ቪዛ በማን ቀን ይሞላል?

ሣህሌ፦ እ... በእኛ?

አስናቀ፦ አዩ! ቀበሌ ሄደው በፈረንጅ ቀን ቢሞሉ ይቀበልዎታል? አይቀበልዎትም። ስለዚህ ኤፕሪል 8፣ 1958 ማለት በእኛ መጋቢት 30፣ 1950። መጋቢት ሰባተኛ ወር ነው፤ ሰባተኛዋን መረጥኩ። አለቀ።

ሣህሌ፦ ወይ መማር! እኔ ይሄ መቼ ይታየኝ ነበር።

አስናቀ፦ [ድንገት አንገቱን እያሰገገ] ቆይ ግን... ልጅዎ የሰውየው ዕድሜ ስንት ነው ያለችዎት?

ሣህሌ፦ ስድሳ ሰባት።

አስናቀ፦ ማሽኑ አስልቶ ሰባ አምስት አወጣ።

ሣህሌ፦ ሰባ አምስት? እንዴ! በሃምሳ መጋቢት የተወለደ እኮ ታላቅ ወንድሜ ገሠሠም አለ። ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው።

አስናቀ፦ የጋሽ ገሠሠ በግምት ነው። ማሽን አይገምትም።

ሣህሌ፦ በሃምሳ የተወለደ የዋጫ ሰው ስድሳ ሰባት፣ በሃምሳ የተወለደ የሆላንድ ሰው ሰባ አምስት? ምንድን ነው፣ ብርዱ ነው?

አስናቀ፦ ብርድ አይደለም ጋሽ ሣህሌ። ሰውየው ዕድሜውን ደብቋል።

ሣህሌ፦ [ጀሪካኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው] ስምንት ዓመት?

አስናቀ፦ ስምንት ዓመት! እኔ ሰው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ግን ማሽን አይዋሽም። በሉ እንቀጥል። የመድረሻ ቀን፣ ጥር 22፣ 2018። ጥር አምስተኛ ወር፤ አምስተኛዋን መረጥኩ። የፓስፖርት ማብቂያ፣ ሴፕቴምበር 8፣ 2031። ይሄ በእኛ... [ሠንጠረዡን በጣቱ እየተከተለ] ጳጉሜ 3፣ 2023። ጳጉሜ... ጳጉሜ... [ማውሱን ወደ ታች ወደ ላይ እያንከባለለ] እንዴ!

ሣህሌ፦ ምን ሆነ?

አስናቀ፦ ጳጉሜ የለም!

ሣህሌ፦ እንደ ሽምግልናው?

አስናቀ፦ ወሮቹ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው! ለኢትዮጵያ ቪዛ የሚሰጥ ማሽን ጳጉሜን አያውቅም! ጉድ እኮ ነው። ሰውየው አምስት ቀን የት ሊውል ነው?

ሣህሌ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

አስናቀ፦ እኔ እያለሁ ምን ችግር አለ? ነሐሴ 30 አደረግኩለት። ሦስት ቀን ብናጎድልበት አይሞትም። አሁን «ቀጥል» የሚለውን እጫናለሁ። ይመልከቱ እንግዲህ...

[ይጫናል። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ያፈጣሉ።]

ሣህሌ፦ ቀላ።

አስናቀ፦ አያለሁ።

ሣህሌ፦ ሁለት ቦታ ላይ ነው የቀላው። ጥሩ ነው?

አስናቀ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ እያነበበ] የመጀመሪያው «የመድረሻ ቀኑ አልፏል» ይላል። ይሄ እንኳ ወቀሳ ነው፤ ዘገያችሁ ማለቱ ነው። ሁለተኛው ግን... ጋሽ ሣህሌ፣ ውኃ ላስመጣልዎት?

ሣህሌ፦ ውኃ ምን ያደርግልኛል? ተናገር!

አስናቀ፦ «ፓስፖርቱ ጊዜው አልፎበታል» ይላል። ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሣህሌ፦ [ከበርጩማው ብድግ ብለው] ምን? በሞተ ፓስፖርት ነው ልጄን ሊጠይቀኝ የሚመጣው?

አስናቀ፦ ዕድሜ የደበቀ ሰው ፓስፖርትስ ቢደብቅ ምን ይገርማል?

ሣህሌ፦ እኔ ደግሞ ላከበርኩት ሰው ገና ያልተቆረጠ ቀፎ ሙሉ ማር መድቤ! ቆይ፣ ለባለቤቴ ለበዛወርቅ ልደውልላት። ጠጁን ልትጥል ነው፣ ታቁም። [ስልካቸውን አውጥተው ጆሯቸው ላይ ይለጥፉና እየጮኹ] ሃሎ በዛወርቅ! ስሚኝ፣ ጠጁን አትጣይው! ምን? ጣልሽው? ባለፈው ሰኞ? እሺ ስሚኝ... ሰውየው ሰባ አምስት ዓመቱ ነው አሉኝ! ሰባ አምስት! አዎ ዋሽቶናል! ፓስፖርቱም... ሃሎ? ማን ነው አጠገብሽ ያለው? ዙሌካ? ድምፅ ማጉያው ላይ ነኝ እንዴ? በዛወርቅ! አጥፊው! [ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው ያዩታል።] ዙሌካ ሰማች።

አስናቀ፦ ዙሌካ ከሰማች ዋጫ ሰማ።

ሣህሌ፦ ዋጫ ብቻ? ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ከተማ ቢታ ገነት ይገባል።

አስናቀ፦ [ስክሪኑን እያየ] ኧረ አሁን ደግሞ ገጹ ራሱ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ተዘጋ።

ሣህሌ፦ ዛሬ ያላለፈበት ነገር የለም?

አስናቀ፦ ዝም ብለን ስንቀመጥ ነው የሚዘጋው። የሞላሁትን አስቀምጦልኛል፤ መልሼ እከፍተዋለሁ። ግን ለምን ብዬ? እርስዎ አንድ ነገር ይወስኑ። ለልጅዎ ደውለው ይንገሯት።

ሣህሌ፦ [ቀስ ብለው ተመልሰው ይቀመጣሉ።] ምን ብዬ ነው የምነግራት? «ፒተርን እወደዋለሁ አባዬ፣ አባቱ ሩቅ ነው፣ ሽማግሌ ከዚሁ ተቀበለው» ብላ ስታለቅስ በር የዘጋሁት እኔ። «አባቱን አምጪ» ያልኩት እኔ። አባቱ ደግሞ ይሄው ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ምን አጠፋች?

አስናቀ፦ አይዞዎት።

ሣህሌ፦ [ስልካቸው ይጮሃል፤ ያነሡታል።] ሃሎ በዛወርቅ! ማነው ያለው? ሙሽራው ነው ሰባ አምስት ዓመቱ የሚሉት? አባቱ ነው በያቸው እንጂ! አባቱ እያለ ሙሽራው እንዴት... ደግሞ ጥርስ የለውም? የማን ጥርስ? በይ ዝጊው፣ ዝጊው። [ለአስናቀ] ፒተር ጥርሱ አልቋል ተባለ።

አስናቀ፦ ትናንት እዚህ በር ላይ ሸንኮራ ሲግጥ አይቼዋለሁ።

ሣህሌ፦ እስቲ የዚያን ውሸታም ፊት መልሰህ አሳየኝ። የፓስፖርቱን ፎቶ። ፊቱን በደንብ ልየው።

[አስናቀ የፓስፖርቱን ፎቶና ቅጹን ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ያደርግላቸዋል። ሣህሌ መነጽራቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው አፍንጫቸው ላይ ያሳርፋሉ።]

ሣህሌ፦ ፊቱ እንኳ የዋህ ነው።

አስናቀ፦ የሚዋሹት እንደዚህ ያሉት ናቸው።

ሣህሌ፦ እንግሊዝኛ አላነብም፣ ቁጥር ግን አነባለሁ። ይሄ ፓስፖርቱ ላይ ያለው 2031 ነው?

አስናቀ፦ ነው።

ሣህሌ፦ ይሄ አንተ የጻፍከው ደግሞ 2023?

አስናቀ፦ ነው። ነገርኩዎት እኮ፤ ወደ እኛ ዘመን አመጣሁት።

ሣህሌ፦ ገባኝ። ማለቴ አልገባኝም። ሰውየው አሁን የት ነው ያለው?

አስናቀ፦ ሆላንድ።

ሣህሌ፦ አልተነሣም?

አስናቀ፦ ቪዛ ሳያገኝ እንዴት ይነሣል?

ሣህሌ፦ ታዲያ ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመኑን ማን ቀድሞ እዚህ አደረሰው?

አስናቀ፦ [በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ] ጋሽ ሣህሌ። ቪዛው የኢትዮጵያ ነው። ማሽኑ የኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ የሚያውቀው የኢትዮጵያን ቀን ነው።

ሣህሌ፦ ጳጉሜን ግን አያውቃትም።

አስናቀ፦ እ... ጳጉሜን አያውቃትም።

ሣህሌ፦ ጳጉሜን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይቼ አላውቅም። እስቲ እዚያ ከታች፣ ከጥጉ ላይ ያለችው ትንሿ ቁጥር ምንድን ናት?

አስናቀ፦ የትኛዋ? እሷ? የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ናት። አላያትም እኔ። ሲገዛ ጀምሮ እዚያው ያለች ነች።

ሣህሌ፦ አንብብልኝ።

አስናቀ፦ ሃያ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሃያ...

ሣህሌ፦ ሁለት ሺህ ሃያ?

አስናቀ፦ ሃያ ስድስት።

ሣህሌ፦ እና ይሄ ማሽን ዛሬ 2026 ነው ብሎ ተቀምጧል። አንተ «2023 ላይ የሚያበቃ ፓስፖርት አለን» ትለዋለህ። ይቅላ እንጂ ምን ያድርግ? እኔም ብሆን እቀላለሁ።

[ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል።]

አስናቀ፦ የትውልድ ዘመኑም...

ሣህሌ፦ በሃምሳ ተወለደ ብለህ በ2026 ቆመህ ስትቆጥርለት ሰባ አምስት። እንደ ገሠሠ በ2018 ቆመህ ብትቆጥርለት ስድሳ ሰባት። ብርዱም አይደለም፣ ውሸቱም አይደለም፣ አንተ ነህ! ስምንት ዓመት ያስረጀኸው አንተ!

አስናቀ፦ ኧረ...

ሣህሌ፦ አሁን ያንን ምስኪን ሰውዬ ወደ ዘመኑ መልስልኝ። ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው። ቦሌ ሲወርድ እኛ ራሳችን ስምንት ዓመት እንቀንስለታለን፤ እስከዚያ የራሱን ይልበስ።

[አስናቀ ላብ እያጠመቀው አንድ በአንድ ያስተካክላል። ሣህሌ ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቁጥር በቁጥር ይከታተላሉ።]

አስናቀ፦ የትውልድ ቀን፣ ኤፕሪል 8፣ 1958። መድረሻ፣ ጥር 22...

ሣህሌ፦ እ?

አስናቀ፦ ጃንዋሪ 30! ጃንዋሪ 30፣ 2026። ፓስፖርቱ እስከ ሴፕቴምበር 8፣ 2031። «ቀጥል»።

[ይጫናል።]

ሣህሌ፦ አልቀላም።

አስናቀ፦ አረንጓዴ ነው። ክፍያውን ፒተር በካርዱ ይጨርሰዋል፤ ሊንኩን አሁን እልክለታለሁ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው።

ሣህሌ፦ [በረጅሙ ተንፍሰው] ተመስገን። አንተ ግን ምነው ፊትህ ጠቆረ? ለሰውየው አሰብክለት እንዴ?

አስናቀ፦ ለሰውየው አይደለም። ለራሴ ነው።

ሣህሌ፦ ምን ሆንክ?

አስናቀ፦ ጋሽ ሣህሌ፣ ቅድም ሦስት ጊዜ መለሱልኝ አላልኩዎትም?

ሣህሌ፦ ብለኸኛል። ምን ብለው እንደመለሱልህ ብቻ ነው ያልነገርከኝ።

አስናቀ፦ «ፓስፖርትህ ጊዜው አልፏል»።

ሣህሌ፦ ሦስቱንም ጊዜ?

አስናቀ፦ ሦስቱንም! ፓስፖርቱ የእኛ አገር ነው ብዬ በእኛ ቀን ነበራ የምሞላው! በመጀመሪያው እውነት መስሎኝ ጅማ ድረስ ሄጄ አሳደስኩ። አዲሱን ይዤ ሞላሁ፣ አልፏል አለኝ። እንደገና ጅማ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ልጅ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ገና ነው፣ ብዙ ዓመት አለው» ብትለኝ «እህቴ፣ አንቺ ኮምፒውተር አታውቂም» ብዬ ተቆጥቼ፣ ለምኜ፣ አሳደስኩ። እሱንም አልፏል አለኝ! ከእጇ ተቀብዬ ቦንጋ ሳልደርስ የሚያልፍበት ፓስፖርት! የልዑልቃል ዓይን ነው ብዬ አሰብኩ እኮ። ሁለት ዓመት ሰላም ብዬው አላውቅም!

ሣህሌ፦ [ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፍነው] ምን አጠፋ ልዑልቃል?

አስናቀ፦ ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ጅማ ልሄድ ነበር። ቦርሳዬ ይኸው፣ ተዘጋጅቷል።

ሣህሌ፦ ተወው ጅማን። ቦርሳህን ይዘህ ማዶ ተሻገርና ልዑልቃልን ሰላም በለው፤ እሱ ይቀርብሃል።

አስናቀ፦ አደራዎን ጋሽ ሣህሌ፣ ይሄ ነገር ከዚህች ቤት እንዳይወጣ።

ሣህሌ፦ ምን በወጣኝ! እኔ ወሬ አልወድም። [ስልካቸው ይጮሃል።] ሃሎ በዛወርቅ! በርጋታ፣ በርጋታ... ዙሌካ አሁን ምን አለች? ሰውየው ራሱ ነው ሙሽራው? አባትየው ዮሀናን ሊያገባ፣ ፒተር ደግሞ ሚዜ ሊሆን? [ለአስናቀ] ይሄን ወሬ አሁን በምን አቆመዋለሁ?

አስናቀ፦ እውነቱን ይንገሯታ።

ሣህሌ፦ እውነት ዙሌካን አያስቆማትም። ከዚህ የሚበልጥ ወሬ ያስፈልጋታል። [ወደ ስልኩ] በዛወርቅ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊኝ። አዎ፣ ዙሌካ ትስማ። ዙሌካ! አለሽ? ቦንጋ ውስጥ አዲስ ፓስፖርት ሁለት ጊዜ ያሳደሰ ሰው ስለ መኖሩ ሰምተሻል?

አስናቀ፦ ጋሽ ሣህሌ!

ሣህሌ፦ [በእጃቸው ዝም በል እያሉት] ስሙን ስመጣ እነግርሻለሁ።

[ሰኞ ጠዋት። ያው ቤት። አስናቀ ላሚኔሽን ማሽኑ ላይ ቆሟል። ጋሽ ሣህሌ ሌላ ጀሪካን ይዘው ይገባሉ።]

ሣህሌ፦ ደህና አደርክ አስናቀ? መናኸሪያው ሁሉ ስምህን ያነሣል።

አስናቀ፦ ሰምቻለሁ። ሚኒባሱ ሲሞላ ረዳቱ «ያላለፈበት ይግባ» እያለ ነው የሚጠራው። ይሁን፣ ይኸው ይመልከቱ! መጣ! ቪዛው መጣ! ትናንት ፒተር ኢሜይሉን ላከልኝ። ስሙ ልክ፣ ቀኑ ልክ።

ሣህሌ፦ [በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፎቶውን እያዩ] ሄንድሪክ... እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እኔንም ከልጄ አስታረቅከኝ። «አባዬ፣ በሩን ከፈትከው» አለችኝ ትናንት በስልክ። ይሄንን ግን ለምን ላሚኔት አደረግከው?

አስናቀ፦ ቃል ገብቼ የለ?

ሣህሌ፦ እሺ፣ እኔው ቤት እሰቅለዋለሁ። በል ማሩን ያዝ፣ የአንተ ነው። ሌላም ጉዳይ አለኝ። ሚስተር ሄንድሪክ እሁድ ብቻውን ደጄ አይቆምም፤ አጠገቡ ቆሞ የሚናገርለት የአገር ሰው ይፈልጋል። ፒተር «አስናቀ ይሁንልኝ» አለ። እኔም እሺ ብያለሁ።

አስናቀ፦ [ደረቱ ተመልሶ እየተነፋ] እኔ? ሽማግሌ? ጋሽ ሣህሌ፣ ትክክለኛውን ሰው ነው የመረጣችሁት። እኔ እኮ ሽምግልና የምበላው የምጠጣው...

ሣህሌ፦ ይሄን ይሄን ተወው። ቀኑን ብቻ ያዝልኝ። እሁድ ጥር 24፣ 2018። በእኛው ነው የነገርኩህ፤ ቀንሼ ጨርሼ።

አስናቀ፦ [ሠንጠረዡን ዞር ብሎ እያየ] ጥር 24... 2018...

ሣህሌ፦ አስናቀ!

አስናቀ፦ አቤት።

ሣህሌ፦ ከዚያ ግድግዳ ላይ ዓይንህን አንሣ! ደግመህ ስምንት ቀንሰህ በ2010 ሰውየውን ይዘህብኝ እንዳትመጣ። ያኔ ልጄ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ አልሰጥም!